በሙጫ የደፈንኩት ጽዋ

ሐምሌ ፱ ቀን ፲፱፻፺፫

ዛሬ በወንፈል የጓንጉልን ማሽላ ስናርም ዋልን። አሥራ አራት ሰው። ከወሰኑ ማዶ ባንቺና ልጇ ሸጌ ለብቻቸው ያርማሉ። ሰላም ያላቸው የለም። እኔም አላልኩ።

ለማንም ያልነገርኩትን ልጻፈው። የኪዳነ ምሕረትን ማኅበር ጽዋ የሰነጠቅሁት እኔ ነኝ። ባንቺ አይደለችም።

ሰባት ዓመት ሆነው። ተራው የኔ ነበር። ከድግሱ በኋላ ሳጥበው ከእጄ አመለጠ፣ ቂጡ ተሰነጠቀ። በግራር ሙጫ ደፈንኩት። ሲደርቅ በነጠላ ጠቅልዬ ለተረኛዋ ለባንቺ አስረከብኩ። በወሩ እሷ ቤት ጠላ ሲሞላበት ሙጫው ሟሟ፣ ጽዋው በሰው ፊት ፈሰሰ። የማኅበሩ አለቃ፣ ሙሴው ጓንጉል፣ "ጽዋው እጇን ተጸየፈ" አለ። ከማኅበር አስወጧት። ከወንፈልም። እሳት እንኳ የሚሰጣት ጠፋ። ትውጣ ሲባል እኔም ትውጣ አልኩ...

ያወቀች ባለቤቴ ማስተዋል ብቻ። "ተናገር፣ አንተ ሰው" እንዳለችኝ ሞተች። ሁለት ዓመቷ።

ሐምሌ ፲፮

ማኅበር። ልናገር ብዬ ነበር የሄድኩት። ጓንጉል አዲሱን ጽዋ አንስቶ፣ ባንቺ ብትነካው ይሄም ይፈስ ነበር ብሎ ቀለደ። ቤቱ ሳቀ።

እኔስ? ሳቅሁ።

ነሐሴ ፫

ከኪዳን ስመለስ ሸጌን ወንዝ ዳር አገኘኋት። ለጭፈራው ወገብ ላይ የሚታሰረውን የሻደይ ቅጠል ታጭዳለች። ዘንድሮ ከልጆቹ ጋር ትጨፍሪያለሽ ወይ አልኳት።

"የፈሰሰባት ልጅ ይሉኛል። እንዲያስገቡኝ እርስዎ ቢነግሩልኝስ?"

እሺ አልኩ። እሺ!

ነሐሴ ፲፫

አልተናገርኩም። ጾሙ ይፈታ እያልኩ... ጾሙ ምን አገባው?

ነሐሴ ፲፭

ባንቺ ሸጌን ሰቆጣ ሰው ቤት ሠራተኛ አድርጋ ሰደደቻት። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ያጨደችው ሻደይ ደጃቸው ላይ ተንጠልጥሎ አየሁት። ጠውልጓል።

ነሐሴ ፲፮

ተናገርኩ። ጽዋው ሳይዞር ተነስቼ፣ ሙጫውንም፣ የማስተዋልንም ልመና፣ ሁሉን። ከውጭ የልጃገረዶቹ ጭፈራ ይሰማል።

ጓንጉል ጺሙን ዳሰሰ። "እውነት ይሁን። አሁን ብንመልሳት ሰባት ዓመት ምን ስትሠሩ ነበር ልንባል ነው? በቦታዋም ሰው ገብቷል። ተቀመጥ ደረሰ፣ ጠላህን ጠጣ።"

ሌሎቹም ተቀመጥ አሉኝ። በኔ እንኳ አልተቆጡም።

ጽዋውን እንደሞላ አንስቼ ወጣሁ። በጠራራ ፀሐይ ማሳውን አቋርጬ ባንቺ ደጅ ቆምኩ። ሁሉን ነገርኳት። ተራሽ ነው አልኳት። ተቀበለችኝ። ቀስ ብላ ገለበጠችው፤ ጠላው እግሬ ላይ ፈሰሰ። ቂጡን በአውራ ጣቷ ዙሪያውን ዳሰሰችው።

"ደህና ነው፣ አያ ደረሰ" አለች። "ይመልሱላቸው።"

ባዶውን ወስጄ ጓንጉል ፊት አኖርኩት። ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ።

አልተቀመጥኩም።