ለኦቦ ደቻሳ የጻፉትን ያነበብኩት እኔ ነኝ

ይድረስ ለማከብርዎትና ለምወድዎት አባቴ ለአቶ አሥራት ወልደ ሰንበት፤ ድሬዳዋ።

አባባ፣ ጤናዎ እንደምን ነው? የወገብዎ ሕመም ትንሽ ተወዎት ወይስ እንደ ዐምናው ትራስ ተደግፈው ነው ቢሮ የሚውሉት? ባለቤትዎ እትዬ ተረፈች፣ ወንድሜ ወንዳፍራሽ፣ ትንሿ እኅቴ ውብአየሁ ሁሉም ደኅና ናቸው ወይ? በእናንተ አገር ወባ ገብቷል ሲባል ሰምቼ ሐሳብ ይዞኝ ነበር። እኔ ከጉንፋን በቀር ደኅና ነኝ፤ ጉንፋኑንም ሱሉልታ ለሁሉም እኩል ስለሚያድል እንደ በሽታ አልቆጥረውም። ላሚቱም ጥጃዋም ደኅና ናቸው። ዝናቡ ቀድሞ ገብቶ ሜዳው ከወዲሁ ውሃ ቋጥሯል።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ባለፈው ቅዳሜ በረት ስጠርግ ጎረቤታችን ኦቦ ደቻሳ ከባርኔጣቸው ሥር ፖስታ አውጥተው «አባትሽ ጽፈውልኛል፤ እስቲ አንብቢልኝ» አሉኝ። ባለቤታቸው አዴ ገለቴም ወሬ እንዳያመልጣቸው ተከትለዋቸው መጥተው ነበር። አባባ፣ ኦቦ ደቻሳ ፊደል እንደማይቆጥሩ እንዴት ረሱት? ከኛ ቤት እስከ መኪናው መንገድ ባሉት ቤቶች ሁሉ ወረቀት የሚያነብ ሰው እኔ ብቻ ነኝ። ከእኔ ተደብቆ የተጻፈው ደብዳቤ ከእኔ ሌላ የሚሄድበት አልነበረውም።

እጄን ታጥቤ ቆሜ አነበብኩላቸው። አንድ ቃል አልዘለልኩም። «ዕድሜዬ ሳይሞላ በፈቃዴ ጡረታ ወጥቼ ሱሉልታ እገባለሁ፤ ከእንግዲህ የማንንም አዛዥ ፊት አላይም፤ ነጻ ሰው እሆናለሁ» የሚለውን ሳሰማቸው ኦቦ ደስ ብሏቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ላሟንና ጓሮውን ሮማነወርቅ ለምዳዋለች፤ እሷ ትይዘዋለች» የሚለው ላይ ስደርስ ቀና ብለው አዩኝ። «ወደ አስተማሪነቴ እመለሳለሁ ካለች ዘመኑ ክፉ ነው፣ መንገዱ አስቸጋሪ ነው እያሉ ያዘግዩልኝ፤ መሬቱን ወደ ወንዳፍራሽ ስም አዞራለሁ፤ እስከዚያ ዐይንዎን ከልጅቱ ላይ አይንቀሉ» የሚለውን ሳነብ አዴ ገለቴ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ኦቦ በኦሮምኛ «ዲሲ፣ ዲሲ» አሉ፤ ተዪው ማለታቸው ነው። «ልጄ፣ ይህ ወረቀት የእኔ አይደለም፤ ሌላ ደቻሳ ይኖራል» ብለውም ሊሸፍኑልዎ ሞከሩ። አዴ ገለቴ «እዚህ ስንት ደቻሳ አለና ነው፣ አንተ ሽማግሌ!» ብለው ተቆጧቸው። እኔ እስከ ፊርማዎ ድረስ አነበብኩት።

የኦቦ ደቻሳ መልስ በእኔው እጅ ተጽፎ በዚሁ ፖስታ ውስጥ አለ። ቃሉ የራሳቸው ነው። «ከብት መጠበቅ አልቸገረኝም፤ የተማረ ሰው መጠበቅ ግን አላውቅበትም ብለሽ ጻፊ» አሉኝ፤ ጻፍኩ።

ከዚያ በኋላ ጡረታ ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ሰው ብዙ ዓመት አገልግሎ ሲያበቃ ሳይሠራ መንግሥት በየወሩ የሚከፍለው ገንዘብ ነው አልኳቸው። ጥቂት አስበው «እንግዲህ አባትሽ ከሥራ ሊያርፉ ከሆነ ለምን ወደ ሥራ ይመጣሉ?» አሉኝ። አባባ፣ የእኔም ጥያቄ ይኸው ነው። ማመልከቻዎን ሰኔ ሳያልቅ እንደሚያስገቡ ስለ ጻፉ ነው ቶሎ የምጽፍልዎ።

ከሁለት ዓመት በፊት ደብረ ብርሃን ሳስተምር «ለስድስት ወር ብቻ፣ እኔ እስክመጣ መሬቱን ያዢልኝ፤ በኋላ በሁለታችሁ ስም እኩል ይጻፋል» ብለው ጻፉልኝ። አምሳ ሁለት የአራተኛ ክፍል ልጆች በዓመቱ እኩሌታ ትቼ መጣሁ። ስድስቱ ወር ሁለት ክረምት ሆነ። ያኔ ስለታዘዝኩዎት አይቆጨኝም። የሚቆጨኝ እንደ ልጅ ጠርተውኝ እንደ ዘበኛ ማስቀመጥዎ ነው።

የጓሮ ኑሮ ምን እንደሆነ እንግዲህ ከእኔ ይስሙ። እርስዎ በደብዳቤዎ ጠዋት ዳዊት ደግመው፣ ከሰዓት ጋዜጣ አንብበው፣ ማታ ወተት ጠጥተው ሊተኙ ነው ያሰቡት። ወተቱ ግን ራሱ ተነሥቶ ጽዋ ውስጥ አይገባም። ላም በዓል አታውቅም፤ ጥምቀትም ይሁን ፋሲካ ጎህ ሳይቀድ መታለብ አለባት። ከዚያ ወተቱ ጭቃውን ተሻግሮ መንገድ ዳር መድረስ አለበት፤ ሰብሳቢው መኪና ማንንም አይጠብቅም። ዐምና ኅዳር ላይ በአንድ ቀን ውርጭ ድንቹ ሁሉ እንደ ተቃጠለ ወረቀት ጠቆረ። ከዐሥራ አንዱ ዶሮዎች ሰባቱን ሸለምጥማጥ በልቷቸዋል። አጥሩን በዓመት ሁለት ጊዜ እጠግናለሁ፤ እጄን ቢያዩት ጠመኔ ይዞ የሚያውቅ አይመስልዎትም።

ከዚህ ሁሉ የባሰው ግን የራሴ ስሕተት ነበር። በመጀመሪያው ጥቅምት ሣሩን ለማሳጨድ ጎረቤቱን ደቦ ጠራሁ፤ ዘጠኝ ሰው መጣ። ሥራው ሲያበቃ ለእያንዳንዳቸው ስሙኒ ሰጠኋቸው። በተራዬ በየማሳቸው መጎንበስ አልፈለግሁማ! የማንም ውለታ የሌለብኝ ነጻ ሰው ልሁን ብዬ ነው። ተቀብለውኝ ማጭዳቸውን ይዘው ሄዱ። በዓመቱ ስጠራ ከኦቦ ደቻሳ በቀር ማጭድ ይዞ የመጣ የለም። «እኛ ጎረቤቷ መስለን ነበር፤ ለካ ቅጥረኞቿ ነን፤ ከፍላ ጨርሳናለች» ብለው ነበር። ግማሹ ሣር ቆሞ ደረቀ። ከዚያ ወዲህ በሰው ማሳ ስድስት ቀን አጭጄ፣ ለቅሶ ደርሼ፣ የታመመ ጠይቄ ነው ጎረቤት የሆንኩት። ስለዚህ የማንንም አዛዥ ፊት አላይም ያሉት እውነት ነው፤ እዚህ አዛዥ የለም። ሲጠሩ መቅረት ግን አይቻልም።

ይህን ስል መሬቱን ጠልቼ አይደለም። በእጄ የተከልኩትን ጥቅል ጎመን ቆርጬ ስገባ «ይፈቀድልኝ» ብዬ ለማንም ማመልከቻ አልጻፍኩም። ጥጃዋ የተወለደች ቀን ከኦቦ ጋር እየጎተትን አውጥተናት፣ በእግሯ ስትቆም እንደ ሕፃን ጮኼአለሁ። እርስዎም ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ በዚያ ሙቀት በጉምሩክ የሰው ዕቃ ሣጥን ሲቆጥሩ ኖረው እንዲህ ያለ ነገር ቢመኙ አልፈርድብዎትም።

በግንቦት ሰበታ ድረስ የሄድኩትም፣ አንድ ቀን እመጣለሁ ማለትዎን ይዤ ለእርስዎ ስል ነው። አብራኝ የተማረች ልጅ የነገረችኝ አቶ ደገፋ የሚባሉ ሰው አሉ። የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ፤ በአርባ ስምንት ዓመታቸው ሥራ ትተው ወንዙ ዳር ሽንኩርትና ቲማቲም ይተክላሉ፣ ሁለት ላም አላቸው። እንዴት ነው ነጻነቱ ብላቸው ሳቁብኝ። «ቢሮ ሳለሁ አንድ አለቃ ነበረኝ፤ አሁን ዐሥራ ስድስት ናቸው፤ ዐሥራ አራቱ ዶሮዎች ናቸው» አሉ። የእኅታቸው ልጅ ናዝሬት ስትዳር መሄድ አልቻሉም፤ አንዷ ላም ከእሳቸው እጅ በቀር አትታለብም። ወደ ቢሮ ይመለሳሉ ወይ ስላቸው ግን «አንድ ቀን እንኳ!» አሉ። ያመንኳቸው ሁለቱንም ስለ ነገሩኝ ነው። ልብ ይበሉልኝ አባባ፣ አቶ ደገፋ ላማቸውን የሚያልቡት ራሳቸው ናቸው። ልጃቸውን አምጥተው አላሰሩም።

እንግዲህ ይምረጡ። ጓሮውን ከወደዱ ቦት ጫማ ገዝተው ይምጡ፤ ያለኝን ሁሉ አሳይዎታለሁ፤ ወገብዎ ግን ይህን እንደማይችል አስቀድሜ እነግርዎታለሁ። ዕረፍቱን ከወደዱ ደግሞ ላሚቱን ለኦቦ ደቻሳ እንስጥ፤ ወተቱ ለእነሱ፣ የምትወልደው ጥጃ ለእኛ ይሁን ብለን ተነጋግረናል፤ እሳቸውም ደስ ይላቸዋል። ሣሩን ቆሞ ሳለ በየጥቅምቱ ለሚያጭደው ይሽጡት። ሁለቱን ክፍል ቤት ይዘው ዳዊትዎን ይድገሙ። ጡረታው ዕድሜዎ ሳይሞላ ስለሚሆን ያንሳል፤ ሥጋ በየሳምንቱ አይኖርም። ግን ጊዜዎ የራስዎ ይሆናል። ዕረፍቱን ለእርስዎ፣ በረቱን ለእኔ የሚያደርገው ሦስተኛው መንገድ ግን ተዘግቷል።

የዘጋሁት በቁጣ እንዳይመስልዎ። ኦቦ ደቻሳ ፖስታውን ሳያመጡ ገና በሚያዝያ አመልክቼ ነበር። ከቡራዩ ትምህርት ቤት መቀጠሬን የሚገልጽ ወረቀት ደርሶኛል፤ በመስከረም ሦስተኛ ክፍል አስተምራለሁ። እዚያው ከምታስተምር ሌላ ሴት ጋር አንድ ክፍል ተከራይተናል። ፈቃድዎን ለመጠየቅ ሳይሆን ከሌላ ሰው እንዳይሰሙ ብዬ ነው የምነግርዎ። ዘመኑ ክፉ ነው ያሉትንም አስቤበታለሁ። ክፉ ከሆነ ለሱሉልታም ክፉ ነው።

ስለ መሬቱ ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ ልናገር። አራቱ ጥማድ የተገዛው እኩሌታው በእናቴ በማሪቱ ወርቅ ነው፤ ነፍሷን ይማር። ወርቁ ሲሸጥ ዐሥር ዓመቴ ነበር፤ ከአንገቷ ስታወልቀው አይቻለሁ። መሬቱ ሲለካም ኦቦ ደቻሳ ገመድ ይዘው ነበሩ፤ ዛሬም ይመሰክራሉ። ወንዳፍራሽም ልጇ ነው፤ ድርሻውን አልነካም። የእኔን ግን ለማንም አልለቅም። ይህን ለዳኛ ሳይሆን ለእርስዎ የምጽፈው አባቴ ስለሆኑ ነው። መልስ ካጣሁ ለዳኛም መጻፍ እችላለሁ፤ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፤ ለዚያም አመሰግንዎታለሁ።

ሲያረጁ ጦሪኝ ቢሉኝ እጦርዎታለሁ። ቡራዩ ቤቴ ይምጡ፤ አልጋዬን ለቅቄ መሬት እተኛለሁ። ያንን የማደርገው ልጅዎ ስለሆንኩ ነው፤ ማንም ዐይኑን ስለጣለብኝ አይደለም።

እንደሚያዝኑብኝ አውቃለሁ። እኔም አዝኛለሁ። ግን ደብዳቤውን ጮክ ብዬ ለሌላ ሰው ሳነብ የተሰማኝን ለእርስዎ ለብቻዎ መጻፍ ቀሎኛል።

ለእትዬ ተረፈች ሰላምታዬን ይንገሩልኝ፤ የላኩልኝን ሹራብ ከላዬ አላወለቅሁትም። ውብአየሁን ግንባሯን ይሳሙልኝ፤ ፊደል ጨርሳ እንደሆነ በራሷ እጅ አንድ መስመር ትጻፍልኝ። ለጎረቤቶቻችሁ ሁሉ፣ ላስታወሰኝም ላላስታወሰኝም ሰላም ይበሉልኝ። ከዚህ ኦቦ ደቻሳና አዴ ገለቴ እጅ ይነሳሉ፤ ኦቦ ከእንግዲህ ምስጢር ካለዎት ራስዎ መጥተው እንዲነግሯቸው ይለምናሉ።

ለወንዳፍራሽ ደግሞ እንዲህ ይበሉልኝ፤ መሬቱ በስሙ እንዲጻፍ የሚፈልግ ከሆነ ነሐሴ ሳይወጣ ይምጣ። መስከረም ድረስ አለሁ። ማለብ አስተምረዋለሁ።

ልጅዎ
ሮማነወርቅ አሥራት

ሱሉልታ፣ ሰኔ 14 ቀን 1959 ዓ.ም.