እናቴ ስልኩን ቆጮ ጠየቀችው

ሐሙስ፣ ነሐሴ 22፤ ወልቂጤ

ዛሬ ደስ ብሎኛል። ለቀድሞ አለቃዬ ለቆጮ ነጋዴው ድረ ገጽ ሠርቼ ስጨርስ አባሮኝ ቦታዬን ለእህቱ ልጅ ሰጠው። እኔም ለእናቴ የቆጮ ሱቅ ሌላ ድረ ገጽ ሠራሁ። ግን ስልኬን "ቆጮ የት አለ?" ብለን በድምፅ ስንጠይቀው የሚጠራው የእሱን ሱቅ ብቻ ነበር። መስቀል ደግሞ ደርሷል፤ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ሰው መኪና እየነዳ ስልኩን ነው የሚጠይቀው።

ጥፋቱ የእኔ ነበር። "ጥራት ያላቸው የእንሰት ውጤቶች አቅራቢ" ብዬ በእናቴ ድረ ገጽ ላይ ጽፌ ነበር። እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ሰው የለም። ስለዚህ ሱቁ ውስጥ ተቀምጬ የደንበኞችን ጥያቄ እንደ አነጋገራቸው ከነመልሱ ድረ ገጹ ላይ አሰፈርኩ።

ዛሬ ስልኩን ለእናቴ ሰጠኋት።

"እንደምን ዋልክ፣ ልጄ?" አለችው።

"እማ፣ ሰላምታውን ተይው!"

"ሳልሰላም ልጠይቅ? ስድ!" አለችኝና ወደ ስልኩ ዞረች። "ለክትፎ የሚሆን ነጭ ቆጮ ወልቂጤ ማን ጋ አገኛለሁ?"

ስልኩ የእሷን ሱቅ ጠራ። "ከመናኸሪያው ጀርባ" አለ። የዚያ አለቃዬ ሱቅ ከእኛ በኋላ ተጠራ።

እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች፤ ከዚያ ደንበኛ ለመቀበል በሩ ላይ ቆመች።