ቀላድ ያሉት ገመድ

ሰኞ፣ የካቲት 2 ቀን 1962

የክፍሉን ወለል ስፋት ጠየቅኋቸው እንጂ የጨረቃን ርቀት አልጠየቅሁም! ቀመሩንማ እንደ ጸሎት ያነበንቡታል፤ ርዝመት ሲባዛ በወርድ። “ታዲያ ይህ ክፍል ስንት ካሬ ሜትር ነው?” ስል አንዱ አራት አለ፣ ሌላው አራት ሺህ። በአራት ካሬ ሜትር ላይ ሠላሳ ስምንት ተማሪ ተደራርቦ ተቀምጧል ማለት ነው። የሳቀ እንኳ የለም። ያናደደኝም ይኸው ነው።

መጽሐፉም ጥፋት አለበት። ከባሕር ማዶ የመጣ ነው፤ ምሳሌው ሁሉ ስለ በረዶ መንሸራተቻ ሜዳ። ከእጃጂና ከካቺሲ የመጣ ልጅ በረዶ ላይ ተንሸራቶ ስፋት እንዲያውቅ ይጠበቃል።

ስለዚህ መሣሪያውን ራሴ እሠራለሁ። የሚያስፈልገኝ፦ ሃያ ሜትር የቃጫ ገመድ፣ አሥራ ሁለት ችካል፣ ማዕዘን ማውጫ መስቀለኛ እንጨት፣ ቀይ ጨርቅ። ዳይሬክተሩን ገመድ ብጠይቀው፣ “ምነው፣ ፍየል ሊያስሩ ነው?” አለኝ። ልጄ የሚሆን ሰው! ከገበያ ራሴ ገዛሁ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 3

ገመዱን ውሃ ውስጥ አሳድሬ ጠዋት ድንጋይ አንጠልጥዬ ወጠርኩት። ያልተወጠረ ገመድ እያደር ይረዝማል። ተማሪዎቹ በየሜትሩ በጠመኔ ምልክት አድርገው ቋጠሩት። ኮራሁ።

ከዚያ ጫልቱ፣ ከኋላ የምትቀመጠው ዝምተኛዋ ልጅ፣ እጇን አወጣች። “ቲቸር፣ ቋጠሮው ገመዱን በልቶታል።”

ለካን። እውነቷን ነው፤ ሜትር ያልነው ሁሉ አራት ጣት ያህል አጥሯል። የሃምሳ ሁለት ዓመት ሰው፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሒሳብ የተማረ፣ ቋጠሮ ገመድ እንደሚበላ አላሰበም! በራሴ ቆሽቴ አረረ፤ በእሷ ግን ደስ አለኝ። ሁሉንም ፈትተን በቋጠሮው ፋንታ ቀይ ጨርቅ በመርፌ ሰፋንበት። ወለሉን ሲለኩ በካሬ ሜትር ተጣሉ። እንዲህ ያለ ጠብ በማስተማር ዘመኔ ብዙ አልሰማሁም።

ነገ ወደ ሜዳ።

ረቡዕ፣ የካቲት 4

ከትምህርት ቤቱ በታች፣ ወንዙ ዳር፣ ጤፉ የታጨደበት ባዶ ማሳ አለ። ችካል ተከልን፣ ገመድ ዘረጋን፣ ሁለት ጎን ለክተን ጻፍን። ሦስተኛውን ስንጀምር አንዲት ሴት ከቤቷ ደጃፍ በኦሮምኛ ጮኸች። ከመቅጽበት አሥር ያህል ገበሬ ዱላ ይዞ ከበበን። ሽማግሌያቸው ኦቦ ፈይሳ የጫልቱ እናት ወንድም ነው። ገመዱ ላይ ቆመና፣ “ማነው የላከህ?” አለኝ።

“ማንም! ትምህርት ነው!”

“ኮት ለብሰህ፣ ደብተር ይዘህ፣ ቀይ ጨርቅ ያለው ገመድ ስትጎትት፣ ትምህርት ነው? መሬት የሚወስደው ቀላድ ነው እንጂ!”

ጫልቱ ልታስረዳው ብትሞክር፣ “አንቺም ቀላድ ጎታች ሆንሽ?” አላት። አለቀሰች። እሱ ማጭዱን አወጣና ገመዱን ለሁለት ቆረጠው። ችካሎቹን ነቅለው ወረወሯቸው።

ጮኽኩ። የማይባል ተናገርኩ። የሁለት ቀን ሥራዬ በአንድ ማጭድ! ድንቁርና ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ሐሙስ፣ የካቲት 5

ዳይሬክተሩ አስጠራኝ። ስለ ረብሻው ሊወቅሰኝ መስሎኝ ነበር። ፊቱ በራ እንጂ! የማሳው ባለቤት ግራዝማች ነገሩን ሰምተው መልእክት ልከዋል። በጣም ተደስተዋል። ተማሪዎቹ መሬቱን በሙሉ ለክተው ቢሰጧቸው ለትምህርት ቤቱ የቤተ ሙከራ ጠረጴዛ ያሠራሉ።

“ልኩን ለምን ፈለጉት?” አልኩ።

“ትራክተር ሊያስገቡ ነው። መቼም ልማት ነው።”

“ገበሬዎቹስ? ሊነቀሉ ነው?”

“እሱ የኛ ሥራ አይደለም፣ መምህር። የኛ ሥራ ሒሳብ ነው።” ቀጥሎም ልጆቹ የጻፉትን ቁጥር እንዳመጣለት ጠየቀኝ።

ሁለት ጎኑ ብቻ የተለካ ጠማማ ማሳ ስፋት የለውም አልኩት። ቀሪውንም አልለካም። ብዕሩን አሽከረከረና፣ “ካቺሲ የሒሳብ መምህር ጠፍቷል ይላሉ” አለኝ። እንዲህ ነው በዝውውር የሚያስፈራራው፤ ወሬ አስመስሎ።

ቤት ገብቼ የትናንቱን ማስታወሻ አነበብኩት። ጫልቱ እንዳለችኝ፣ ኦቦ ፈይሳ በአባቱ ዘመን ቀላድ ሲጣል፣ አባቱ ሲያርሰው የኖረው መሬት በአንድ ጀንበር የሌላ ሰው ሲሆን ያየ ሰው ነው። ዘንድሮም ገመድ አየ፤ ትራክተር ተከተለ። ልክ ነበር! ድንቁርና የሚለውን ቃል ልሰርዘው ፈልጌ ተውኩት። ይቀመጥ። የማን እንደሆነ አሁን አውቃለሁ።

ዓርብ፣ የካቲት 6

ተማሪዎቹ ማሳው ላይ የጻፉትን ሁለት ቁጥር ክፍል ውስጥ ከየደብተራቸው አስቀድጄ በእጄ አቃጠልኩት። መምህር ነኝ፤ የተማሪ ሥራ ሳቃጥል የመጀመሪያዬ ነው።

ቅዳሜ፣ የካቲት 7

ከጫልቱ ጋር ኦቦ ፈይሳ ቤት ሄድኩ። “አካም ቡልቴ” ብዬ በኦሮምኛ እንዴት አደርክ አልኩት። መለሰልኝ፤ ግባ ግን አላለኝም። ደጅ ቆሜ ይቅርታ ጠየቅሁ፤ ቁጥሩ እንደተቃጠለም ነገርኩት። ጫልቱን አያት፤ ራሷን ነቅንቃ አዎ አለችው።

ኦቦ ፈይሳም ወደ እኔ ዞሮ፣ “ገመድህ የሚያውቀው መሬት ብቻ ነው?” አለኝ።

አምና ለእግረኛ መሻገሪያ ግንድ ቆርጦ ነበር። ወንዙ ሞልቶ ስለነበር ወርዱን በዓይኑ ገመተ፤ ግንዱ አጥሮ ጎርፍ ወሰደው። ሳልሻገር ወርዱን እነግርሃለሁ አልኩት። ሳቀብኝ። “ከዚህ ቆመህ? ጠንቋይ ነህ?”

የተቆረጠውን ገመድ እሱ ራሱ ቀጠለው፤ ሳይቋጥር፣ ክሩን ፈትቶ እርስ በርስ እየጎነጎነ። ያማረ ሥራ ነው። ግን አጥሯል አልኩና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቀይ ጨርቁን አስፈትቼ በየሜትሩ እንደገና አሰፋሁበት። “ይህ ሰውዬ ሚስት አለችው?” ብሎ ጫልቱን ጠየቃት።

ሰኞ፣ የካቲት 9

ጠዋት ሠላሳ ስምንቱንም ወንዝ ወሰድኳቸው። ማዶ ካለው ዋርካ ፊት ለፊት፣ እኛ ዳር ላይ አንድ ችካል። ዳሩን ይዘን አሥር ሜትር ሄደን ሁለተኛ ችካል፣ ደግሞ አሥር ሜትር ሄደን ሦስተኛ። ከዚያ ጀርባችንን ለወንዙ ሰጥተን በቀጥታ መራቅ፣ ሁለተኛው ችካልና ዋርካው አንድ መስመር ላይ እስኪውሉ። በየብስ የሄድነው ያ ርቀት የወንዙ ወርድ ነው። ለምን እንደሆነ ጫልቱ በኦሮምኛ ለገበሬዎቹ አስረዳች። እኔ ካስረዳሁበት የተሻለ ነበር፤ ይህም ትንሽ አናደደኝ።

ኦቦ ፈይሳ አላመነም። ሱሪውን ጠቅልሎ፣ የገመዱን ጫፍ ይዞ ተሻገረ። ልዩነቱ ከስንዝር አይበልጥም።

“ታዲያ መጀመሪያውኑ ለምን አልገባሁም?” አለ ከማዶ።

“ሐምሌ ላይ ትገባለህ?” አለችው ጫልቱ።

ሳቁ፤ ገበሬዎቹም ልጆቹም። ግንድ የሚመርጡት ዛሬውኑ ስለሆነ ገመዱን ወሰዱት።

ከሰዓት በኋላ ዳይሬክተሩ ደብዳቤ ሰጠኝ። የግራዝማች ሰዎች ነገ መለካት ይጀምራሉ፤ የመለኪያ መሣሪያውን ዛሬውኑ ለጽሕፈት ቤቱ አስረክብ ይላል። ካላስረከብኩ ለበላይ አካል ይጽፋል።

“ገመዱ እኔ ዘንድ የለም” አልኩት። “ኦቦ ፈይሳ ዘንድ ነው። ከነሰዎቹ ጫካ ገብቷል፤ መጥረቢያ ይዘዋል። ሄደው ይረከቡት።”

ግራዝማች ሌላ ገመድ አያጡም። ካቺሲም ሊልኩኝ ይችላሉ፤ ይላኩኝ። ዳይሬክተሩ ግን ገመዱን ሊረከብ ወደ ጫካው መሄድ ቀርቶ፣ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ከቢሮው አልወጣም።