ለራሳቸው ለቅሶ የተቀመጡት ወይዘሮ እታለማሁ ገላው

ወይዘሮ እታለማሁ ገላው ከአባታቸው ከአቶ ገላው ይመኑ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሚጣ ዘለቀ ሐምሌ 5 ቀን 1949 ዓ.ም. በደብረ ታቦር ከተማ ተወለዱ። ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ናቸው። ከእሳቸው ቀጥለው የተወለዱት ሁለት ወንድሞቻቸው በሕፃንነታቸው ስላረፉ፣ ከታናሽ እህታቸው ከአሰፋሽ ጋር የአሥራ አራት ዓመት ልዩነት ነበራቸው። አሰፋሽን አዝለው ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ይህን ታሪክ የጻፈችውም እሷ ናት።

እስከ አሥረኛ ክፍል በትውልድ ከተማቸው ከተማሩ በኋላ፣ በ1968 ዓ.ም. በቴሌኮሙኒኬሽን መሥሪያ ቤት የስልክ ኦፕሬተር ሆነው ተቀጠሩ። በዚያ ዘመን ከሩቅ አገር ወደ ከተማው የሚደወል ስልክ ሁሉ በእሳቸው እጅ ያልፍ ነበር። የሞት ወሬም በዚያው ያልፋል። የማን ልጅ፣ የማን ባል እንደሞተ ከቤተሰቡ ቀድመው ስለሚያውቁ፣ ከሥራ ወጥተው ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ሰው በየደጃፉ ቆሞ ፊታቸውን ያይ ነበር። እሳቸውም ደስታም ኀዘንም የማይነበብበት አንድ ዓይነት ፊት ይዘው መሄድ ለመዱ። ያ ፊት እስከ መጨረሻው አብሯቸው ኖረ።

በ1972 ዓ.ም. ከመምህር እንዳልካቸው አድማሱ ጋር ትዳር መሥርተው ልጃቸውን ፋናን ወለዱ። በ1982 ዓ.ም. መምህር እንዳልካቸው ለስብሰባ ወደ ጎንደር ሲሄዱ የተሳፈሩበት መኪና ተገልብጦ ሕይወታቸው አለፈ። ስልኩ የተደወለው ከሰዓት በኋላ ነው። ደዋዩ ማንን እንደሚያናግር ሳያውቅ የሆነውን ተናገረና ከእድሩ ዳኛ ጋር እንዲያገናኙት ለመናቸው። ወይዘሮ እታለማሁ መስመሩን አገናኙ። የሥራ ሰዓታቸው እስኪያልቅ ተቀመጡ፤ ቤታቸው ገብተው ልጃቸውን አበሉ፤ ለማንም አልተናገሩም። መርዶ በወጉ መነገር አለበት ብለው የሚያምኑ ነበሩና፣ ሽማግሌዎቹ ጎህ ሲቀድ በሩን ሲያንኳኩ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀምጠው አገኟቸው።

እ.ኤ.አ. በ1998 ዲቪ ደርሷቸው ከፋና ጋር አሜሪካ ወደምትገኘው አሌክሳንድሪያ መጡ። በአንድ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ለዘጠኝ ዓመት ሠሩ። እ.ኤ.አ. በ2001 አሰፋሽ ከትንሹ ልጇ ከምናሴ ጋር መጥታ በዚያው የአፓርትመንት ግቢ ገባች። የአካባቢው እድር የወይዘሮ እታለማሁን ጠባይ ስላወቀ መርዶ ነጋሪ አደረጋቸው። ሰው በሥራ ቦታው በስልክ ተረድቶ እያለቀሰ መኪና እንዳይነዳ፣ ሳይደውሉ፣ ሦስት አራት ሆነው፣ ጥቁር ካፖርታቸውን ለብሰው ጎህ ሲቀድ ይሄዱ ነበር። በሩ እንደተከፈተ አይናገሩም። መጀመሪያ የሞተው ሰው ትንሽ እንዳመመው፣ አሁን ግን ደህና እንደሆነ ይናገራሉ። ሰው ልቡን እስኪያዘጋጅ ነው። በዚህ የተነሳ በገበያ መደብር ሲያገኟቸው ጋሪያቸውን መልሰው በሌላ መተላለፊያ የሚያልፉ ብዙዎች ነበሩ። እሳቸው አይቀየሙም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2007 በሲልቨር ስፕሪንግ በምትገኝ አንዲት የፕሬስቢቴሪያን ጉባኤ በጽዳትና በአዳራሽ ዝግጅት ሥራ ተቀጠሩ። ሃይማኖታቸውን አልቀየሩም፤ ጾማቸውን አልፈቱም። ሆኖም ያቺ ጉባኤ ማንንም ከደጅ የማትመልስ ስለነበረች ወደዷት። ጉባኤዋ በምድር ቤቷ ለችግረኞች ከምታድለው ምግብ ከሚወስዱት መካከል አበሾች እንዳሉ ሲያዩ፣ ረቡዕና ዓርብ የጾም ምግብ ለብቻው ጠረጴዛ እንዲቀርብ አደረጉ። በተሽከርካሪ ወንበር የሚመጣ ሰው ጥግ ላይ እንዳይቀር፣ ከየረድፉ መካከል አንድ አንድ ወንበር እያነሱ ቦታ ይተዉ ነበር። በመግቢያው ላይ በአምስት ቋንቋ ከተጻፈው «እንኳን ደህና መጡ» የአማርኛው የእሳቸው የእጅ ጽሑፍ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2022 ምናሴ የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ሳለ ልቡ ወደ ወንድ እንጂ ወደ ሴት እንዳልሆነ ለእናቱ ነገራት። አሰፋሽ ልጇን ከቤት አስወጣች። ስልኩን አታነሳም፣ ስሙም በፊቷ እንዳይነሳ ከለከለች። ከጥቂት ወር በኋላ ወይዘሮ እታለማሁ ወንበር ሲደረድሩ ምናሴ ከኋላ ረድፍ ብቻውን ተቀምጦ አገኙት። ያቺ ጉባኤ እንደ እሱ ያሉትንም እንደማንኛውም ልጇ ትቀበል ነበር። ወይዘሮ እታለማሁ በየእሑዱ አጠገቡ ይቀመጡ ነበር፤ ለእህታቸው ግን ሁለት ዓመት ሙሉ አልተናገሩም።

ቀጥሎ ስለደረሰው ነገር ማንም መወቀስ የለበትም። የጉባኤዋ መጋቢ ፓስተር ኤለን፣ በረዶ በጣለበት አንድ ቀን ወይዘሮ እታለማሁን በመኪናቸው መርዶ ወደሚነገርበት ቤት አድርሰው ነበር። መኪና ውስጥ ሆነው ያዩት፣ ጎህ ሲቀድ በሩ ሲከፈት፣ በሕንፃው መስኮቶች መብራት አንድ በአንድ ሲበራ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ወንበርና ምግብ ይዞ ሲመጣ ነው። ወይዘሮ እታለማሁም ስለሰው ኀዘን ለሌላ ሰው የማያወሩ ስለነበሩ፣ ሲመለሱ ምንም አላብራሩም። ፓስተሯ በአበሻ ዘንድ ከሁሉ የከበረው ጉብኝት እንዲህ ያለው ነው ብለው በልባቸው ያዙት።

ስለዚህ ምናሴን ከእናቱ ጋር ለማስታረቅ ሲያስቡ፣ የሚያውቁትን ታላቅ አክብሮት አደረጉ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 25 ቀን 2025 ቅዳሜ፣ ሦስት አረጋውያን ምእመናንን አስከትለው፣ ጥቁር ካፖርት ለብሰው፣ ሳይደውሉ፣ ጎህ ሲቀድ የአሰፋሽን በር አንኳኩ። ሊያስደስቷቸው ብለው ለወይዘሮ እታለማሁ አልነገሯቸውም ነበር። አሰፋሽ በቀዳዳው አየች፤ አራት ሰዎች ናቸው፤ አንዳቸውም አይስቁም። በሩን ስትከፍት ፓስተሯ እጇን ያዟትና «ምናሴ» አሉ። የቀረውን አሰፋሽ አልሰማችም።

ሕንፃው በጩኸቷ ተነሣ። እስከ ረፋዱ ድረስ ሳሎኑ ሞላ፤ አንዱ ወንበር አመጣ፤ ሌላው የምናሴን የምረቃ ፎቶ አሳትሞ ጠረጴዛ ላይ አቆመ። እንግዶቹ ልጁ በሕይወት አለ ቢሉም በዋይታው መካከል የሚሰማቸው አልተገኘም። ምናሴ አርሊንግተን በአየር ማረፊያው ሥራ ላይ ስለነበረ ስልኩ በሳጥን ተቆልፎበታል። ወይዘሮ እታለማሁ በጉባኤዋ አዳራሽ ሆነው ነገሩን በስልክ ከፓስተሯ ሰሙና በሜትሮ ባቡር ደረሱ። ገብተውም ልጁ ደህና መሆኑን ተናገሩ።

ለቅሶው ባሰ። ከእሳቸው አፍ «ደህና ነው» ከወጣ ሞቷል ማለት እንደሆነ ከዚያ ቤት የማያውቅ አልነበረም። እየማሉ ቢናገሩም ሴቶቹ እያቀፉ ያጽናኗቸው ነበር። አሰፋሽ በዚያ ሰዓት የእህቷን ፊት አየች፤ ምንም አይነበብበትም።

ምናሴ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ የሥራ ልብሱን እንደለበሰ በር ላይ ቆመ። ለቅሶው ተቋረጠ። ሊስመው የተነሳ ሰው አልነበረም። አንዲት ሴት ልጇን ወደ ጉያዋ ሳበች። ምናሴ ፎቶውን አየ፤ ከዚያም እናቱን አየ። አሰፋሽ ከተቀመጠችበት ወደ በሩ ተሳበች። እጇን ዘርግታ የጫማውን ጫፍ ነካች፤ በረዶ ነበረበት፤ ቀዝቃዛ ነበር። እንዲያ ያለ ቅዝቃዜ የሕያው ሰው ነው ወይስ አይደለም ብላ አሰበች። ጎረቤታቸው ወይዘሮ ብሩክታይት ቀስ ብለው የተናገሩትን ግን ሁሉም ሰማ፦

«በቁሙ የተለቀሰለት ሰው ዓመት አይደግምም።»

ወይዘሮ እታለማሁ ያን ጊዜ ተነሥተው የምናሴን ፎቶ ገልብጠው ከጠረጴዛው አነሡ። ከቦርሳቸው የራሳቸው ፎቶ ያለበትን የሥራ መታወቂያ አውጥተው በቦታው አቆሙ።

«ይህ ለቅሶ ባለቤት አለው» አሉ። «የእኔ ነው። ያለቀሳችሁት ለእኔ ነው። ቁጭ በሉ፤ እስከ ሠልስት አትነሡ።»

ማንም ደፍሮ አልወጣም። ሦስት ቀን ሙሉ ወይዘሮ እታለማሁ በፎቶአቸው አጠገብ ተቀምጠው ስለራሳቸው ሞት «እግዜር ያጥናችሁ» ሲባል ሰሙ። እድሩ ንፍሮ አመጣ። የጉባኤዋ ሰዎች የሠሩትን ስህተት ከተረዱ በኋላ መኮሮኒ ጋግረው መጥተው ከአበሾቹ ጋር ወለል ላይ ተቀመጡ፤ ፓስተር ኤለን አምርረው አለቀሱ። በሁለተኛው ቀን ወይዘሮ እታለማሁ ወጡን ቀምሰው፣ የእውነቱ ሲመጣ ጨው ቀንሱ አሉ። የሳቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ። በሠልስቱ ወንበሮቹን ራሳቸው ወልውለው አጥፈው መለሱ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አሰፋሽ ልጇን ከዓይኗ አላራቀችም። ምናሴ እናቱ ሶፋ ላይ አራት ወር ተኛ። ባቡር ሲገባ አንድ፣ ሲወርድ አንድ መልእክት ይልክላታል። የሚወደውን ማርከስንም ወደ ቤት ያስገባችው ስለወደደችው አልነበረም፤ ልጇን የሚጠብቅ ሁለተኛ ዓይን ስለፈለገች ነው። አሁን ግን ማርከስ ሲዘገይም ትጨነቃለች።

ወይዘሮ እታለማሁ በነሐሴ ወር መብላት አቃታቸው። የጣፊያ ካንሰር መሆኑ ታወቀ። ሐኪሞቹ በሽታው ቢያንስ ከሁለት ዓመት በፊት የጀመረ ነው ብለዋል። ፋና ይህን ታምናለች። አሰፋሽ ግን እህቷን ስታስታምም ያን ለቅሶ መልሱልኝ ብላ ልትለምናቸው ብዙ ጊዜ አፏን ከፍታ ትዘጋ ነበር፤ ከመለሱላት ወደ ማን እንደሚሄድ ታውቃለችና። ወይዘሮ እታለማሁ አንድ ቀን ይህን ከዓይኗ አንብበው «ዝም በይ፣ አሴ። የወሰድኩትን ወስጃለሁ» አሏት።

በዘመድና በሐኪም ሲረዱ ቆይተው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 27 ቀን 2025 በተወለዱ በስድሳ ስምንት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ያ የተባለው ዓመት ሊሞላ ዛሬ፣ በቀብራቸው ዕለት፣ ሃያ አምስት ቀን ይቀረዋል።

እዚህ የተሰበሰባችሁ ወዳጆች፣ ቤተሰቡ አንድ ነገር ይለምናችኋል። ስታለቅሱ «እታለማሁ» እያላችሁ በስማቸው አልቅሱ። ስም ያልተጠራበት እንባ እንዳይኖር።

ወይዘሮ እታለማሁ የአንዲት ሴት ልጅ እናትና የሁለት ልጆች አያት ነበሩ። በሕይወት ያሉት ልጃቸው ፋና እንዳልካቸው፣ የልጅ ልጆቻቸው፣ እህታቸው አሰፋሽ ገላው፣ እንዲሁም የእህታቸው ልጅ ምናሴና ማርከስ ናቸው። የምናሴ ስም የተጻፈው በሕይወት ካሉት ተርታ ነው። አንባቢው እዚህ ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ሁለት ጊዜ ያንብብልን፦ ምናሴ። ምናሴ።

የሌላውን ሸክም የተሸከሙትን እናታችንን ፈጣሪ ሸክማቸውን አራግፎ፣ ማንም በማያንኳኳበት ቤት ያሳርፍልን። አሜን።