አራተኛው ፕሮፔለር

ለምወድህ ወንድሜ ለሚናስ፤

እንደምን ሰነበትክ? ጤናህስ እንዴት ነው? ወገብህ የሰውን ሻንጣ ሁሉ ችሎታል? ሙቀቱ ቀለል አለልህ ወይስ አሁንም የጫማህ ሶል አስፋልቱ ላይ ይጣበቃል? በደንብ ትበላለህ? እንቅልፍስ ይወስድሃል? ጥያቄ ያበዛሁት ጠባዬ ተለውጦ አይደለም። ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ያለበት ቤት ውስጥ ሰላምታ አሳጥሮ ደብዳቤ መጻፍ አይቻልም። አባባ የልጅ ልጃቸው ኅዳግ ሳትተው ብትጽፍ ጡረታቸው የሚቋረጥ ይመስላቸዋል። ይኸው በማስመሪያ አስምሬ ነው የምጽፍልህ።

እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እማዬ ደህና ናት፣ አባባ ደህና ናቸው፣ እኔም ደህና ነኝ። የኔን "ደህና" ግን ለጊዜው አትመነው።

በስልክ አትነግሪኝም ነበር ወይ ትል ይሆናል። ስትደውል ስልኩ የማን እንደሆነ ታውቃለህ። እማዬ ድምፁን ከፍ አድርጋ "ጃኬት ለብሰሃል?" ትልሃለች፤ ዶሃ፣ በግንቦት። ለኔ የሚተርፈኝ "ሰላም ሚኑ፣ ደህና ነኝ፣ ቻው" ብቻ ነው። አባባ ደግሞ ስልኩ ሲጠራ መጥረጊያቸውን አንስተው ወደ ግቢ ይወጣሉ። ከሄድክ ጀምሮ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ አንድ ቀን እንኳ አልቀሩም። እኔም እንደ አንተ ተቀይመው ነው ብዬ ነበር። የከዲጃ ወንድም አብዱልሰላም አርብ ወደ እናንተ ስለሚበር ይህን ደብዳቤ ከአንዲት ትንሽ ሳጥን ጋር በእሱ እጅ ልኬልሃለሁ።

ሰፈራችንን አሁን ብታየው መንገድ ትጠይቅ ነበር። ከኛ ግድግዳ ወዲያ የነበሩት ቤቶች ለልማት ተብለው ፈርሰዋል። የከዲጃ ቤተሰቦች ከከተማው ዳር፣ ገላን ጉራ ገብተዋል። የኛ ቤት ከማፍረሻው መስመር ወዲህ ስለሆነ ቀርቷል። ከዲጃ በሁለት ሳምንት አንዴ ሦስት ታክሲ ቀይራ ትመጣለች፤ ገና ወሬ ሳንጀምር የመመለሻዋ ሰዓት ይደርሳል። ድሮ ጠዋት ጠዋት የሚቀሰቅሰኝ በግድግዳው በኩል የሚሰማው የአባቷ ሳል ነበር። ስንት ቀን እንዳማረርኩበት ታስታውሳለህ። አሁን ያንን ሳል ብሰማ ደስታዬ ነው።

አልጋህ እንዳለ ነው። ማንም አይተኛበትም፤ እማዬ ግን በየቅዳሜው አንሶላውን ትቀይራለች። የፕላስቲክ አውሮፕላናችንን ትራስህ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ከትምህርት ቤት ስመለስ "ዛሬ ሂሳብ ፈተና ወደቅሁ" የምለው ለእሱ ነው። አይቆጣኝም። ሦስት ፕሮፔለር ይዞ የቀረ አውሮፕላን ሰው ለመቆጣት ምን አፍ አለው?

ባለፈው "ያን ፕላስቲክ ጣዪው፣ እኔ እዚህ እውነተኛውን ነው የምጭነው" ብለኸኝ ነበር። አልጣልኩትም። ከራስ መኮንን ድልድይ ሥር፣ ከአሮጌ ዕቃ ሻጩ የገዛነውን፣ መመሪያ ወረቀቱ ጠፍቶ ቁርጥራጮቹ ብቻ ሳጥኑ ውስጥ የቀሩለትን ባለ አራት ሞተር ዲሲ ስድስት አውሮፕላን እንዴት እጥለዋለሁ? ዘጠኝ ወር በግምት የገጣጠምነውን? "ይህ ሳያልቅ የትም አልሄድም" ብለኸኝ ነበር። ከዚያ ሁሉም ተገጥሞ አራተኛው ፕሮፔለር ብቻ ሲቀር ፕሮፔለሩ ጠፋ። ሦስት ቀን በጉልበትህ እየዳህክ ፈለግህ። በአራተኛው ቀን አባባን "እርስዎ ነዎት ጠርገው የጣሉት፤ የሚያነሱትን ነገር አያዩም" አልካቸው። እሳቸውም "ሠላሳ ዓመት አንድ ፋይል አልጠፋብኝም" አሉ። አንተ ደግሞ "እሱ ድሮ ነው" አልክ። በሳምንቱ ጉልበታቸውን ሳትስም ወደ ቦሌ ሄድክ።

ሚናስ፣ ፕሮፔለሩን የደበቅሁት እኔ ነኝ።

ካላለቀ አትሄድም ብዬ ነው። አሥራ አራት ዓመቴ ነበር፤ ቪዛ ከፕሮፔለር እንደሚበልጥ አላወቅሁም። በኛና በከዲጃ ቤት መካከል በነበረው የጭቃ ግድግዳ ላይ አንዲት ስንጥቅ ነበረች። በፌስታል ጠቅልዬ እዚያ ወሸቅሁት። ከሄድክ በኋላ አውጥቼ ልነግርህ አሰብኩ። ዛሬ ነገ ስል ግድግዳው ራሱ ከእነ ከዲጃ ቤት ጋር ሄደ። ሲፈርስ ትምህርት ቤት ነበርኩ፤ ስመለስ ያገኘሁት አቧራ ብቻ ነው።

ስለዚህ ሌላ ፕሮፔለር ፍለጋ ገባሁ። ፋብሪካው ይህን ሞዴል መሥራት ያቆመው አንተም ሳትወለድ ነው። ኢንተርኔት ላይ አንድ አሮጌ ሳጥን ያለው ሰው ባገኝ፣ ወደ ኢትዮጵያ አልክም ብሎ ዘጋኝ። ያኔ አቶ ገብረዮሐንስ ትዝ አሉኝ፤ ጊዮርጊስ ጋ ያሉት፣ ለአባባ ሰው ሠራሽ ጥርስ የሠሩላቸው። ቤታቸው ስትገባ መደርደሪያው ላይ ሃምሳ አፍ ይስቅብሃል። የማይስቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። ከሦስቱ ፕሮፔለሮች አንዱን ነቅዬ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩ። "የማን ነው?" አሉኝ። የአውሮፕላን ነው አልኳቸው። "ስንት ዓመቷ ነው?" ስድሳ ምናምን አልኩ። "እንግዲያው ጥርሷ በጊዜው ነው የወለቀው" አሉ፣ ፊታቸው ሳይፈታ። ከዚያ አባባን በስማቸው አንስተው "የዘበነ የልጅ ልጅ አይደለሽ? ተቀመጪ" አሉኝና ፎርማ ማውጣት አስተማሩኝ።

ፕሮፔለሩን እስከ ግማሹ ድረስ ጭቃ ውስጥ አስተኝተህ በላዩ ሲሊኮን ታፈሳለህ። እንደ ጎማ ሲረጋ ትገለብጠውና ጭቃውን አንስተህ በሌላው ፊት ደግመህ ታፈሳለህ። ሁለቱን ጎማዎች ስታላቅቅ መካከላቸው የፕሮፔለሩ ቅርጽ ባዶ ሆኖ ይቀራል፤ ጥርስ የሚሠራበትን ዱቄትና ፈሳሽ አዋህደህ እዚያ ትሞላለህ። ከሁለተኛው ማፍሰስ በፊት ቫዝሊን መቀባት እንዳልረሳ ሦስት ጊዜ ነገሩኝ። ትልቅ ሰው አንድ ነገር ሦስቴ ሲነግረኝ ጆሮዬ እንደሚዘጋ ታውቃለህ። ሁለቱ ግማሾች ተጣብቀው አንድ ድፍን ጎማ ሆኑ፣ ፕሮፔለሩም ዮናስ በዓሣው ሆድ እንደቀረው ውስጡ ቀረ። በምላጭ ቀደን አወጣነው። እሳቸው "አንድ የጎደላት ሁለት ሊጎድላት ነበር" አሉና አዲስ ጭቃ ሰጡኝ።

ሁለተኛው አየር ገብቶበት እንደ እንጀራ ዓይን አወጣ። ሦስተኛው ቆንጆ ሆኖ ወጣ፤ ግን በዕለቱ ቤት የነበረው ዱቄት የድድ ቀለም ያለው ብቻ ነበር። ሚኑ፣ ሮዝ ፕሮፔለር። እሳቸው በመለኪያ ያዝ አድርገው "ቅጂ ከዋናው ትንሽ ያንሳል፤ ሲደርቅ ይሰበሰባል። ቦታው ከገባ በኋላ ግን ማንም አይለካውም" አሉኝ። ሦስት ሳምንት ተመላለስኩ። በሁለት ሳምንት ማለቅ ይችል ነበር፤ እኔ ነኝ ያጓተትኩት። እዚያ ስቀመጥ ቢያንስ "እጅሽን ሰብስቢ" የሚለኝ ሰው አለ።

ብርማ ቀለም ቀባሁት። ዕቅዴ "ቁም ሣጥን ሥር አገኘሁት" ማለት ነበር። አባባ ነጻ ይወጣሉ፣ አንተ ይቅርታ ትላለህ፣ እኔም እመሰገናለሁ።

አሁን ስለ አባባ አንድ የማታውቀው ነገር አለ። አንተ ከሄድክ ወዲህ ጠርገው ሲጨርሱ ቆሻሻውን በቀጥታ አይደፉም። በረንዳው ላይ ቁጭ ብለው፣ መነጽር አድርገው፣ በስንጥር እየበታተኑ ያዩታል። እኔ "ጉምሩክ" ብዬ ስም አወጣሁላቸው። ጠዋት ሳልፍ "ጌታው፣ ዛሬ ኮንትሮባንድ ተያዘ?" እላቸዋለሁ። እማዬ "ነውር ነው" እያለች ትስቃለች። ከዲጃ ስትመጣ ደግሞ ጎንበስ ብዬ እሳቸውን ስመስል ሆዷን ይዛ ትንከባለላለች። ሁለት ዓመት በዚህ ሳቅሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ፕሮፔለሩን በመዳፌ ጨብጬ ወጣሁና እንደ ልማዴ "ጌታው፣ ምን ተያዘ?" አልኳቸው። ቀና ሳይሉ "ያቺን የሚናስን ነገር ነው የማየው" አሉ። "ያኔ ባይ ኖሮ አትጠፋም ነበር። እጄ ጥሏት እኔ ካላወቅሁ ሌላም ስንት ነገር ጥዬ ይሆናል" አሉ።

ሚናስ፣ ስልኩ ሲጠራ የሚወጡት ተቀይመውህ አይደለም። አምነውህ ነው። በምን ፊቴ አናግረዋለሁ ብለው ነው የሚወጡት።

አንዷን ጣቴን ባላቅቅ ፕሮፔለሩ ቆሻሻው ላይ ይወድቅ ነበር። ግን እዚያ ቢያገኙት፣ ጠርጌው ኖሯል ብለው እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ያምናሉ። ቁም ሣጥን ሥር ነው ብላቸው ደግሞ፣ እዚያ በየቀኑ የሚጠርጉት እሳቸው ናቸው፤ ታዲያ እንዴት ሳያዩት ቀሩ? ቤቱ ውስጥ የትም አገኘሁት ብል ጥፋቱ ተመልሶ የአባባ ዓይን ላይ ነው የሚያርፈው። ሦስት ሳምንት ጎማ ሳፈስ ይህ አልታየኝም።

አጠገባቸው ተቀመጥኩና ስንጥቋንም፣ ፌስታሉንም፣ የጥርስ ዱቄቱንም ነገርኳቸው። እያለቀስኩ ነው የነገርኳቸው፤ ይህን ለአብዱልሰላም እንዳታወራብኝ። አባባ መነጽራቸውን አወለቁ። "እኔ እኮ ዓይኔን ብዬ ሁለቴ ሐኪም ቤት ሄጃለሁ" አሉ። ከዚያ ቅጂውን ተቀብለው በጣታቸው አሽከረከሩት። "ገብረዮሐንስ የኔንም ጥርስ እንዲህ ተጠንቅቆ ቢሠራው ኖሮ ቆሎ እበላ ነበር" ብለው መለሱልኝ። ተነሥተው ቆሻሻውን ሳያዩት ደፉት። እስከ ማክሰኞ ግን አላናገሩኝም። ማክሰኞ ማታ "ለወንድምሽ ጻፊለት፤ እንዲህ ያለው ነገር በቃል አይቀርም" አሉኝና ማስመሪያውን ሰጡኝ።

ተቆጣኝ። የፈለግኸውን ያህል ተቆጣኝ፤ ዝም ከምትለኝ ይሻለኛል። ሳጥኗ ውስጥ ያለው ቅጂው ነው። ከዋናው ጋር እንዳይምታታብህ ብርማውን ቀለም ፍቄ አውጥቼዋለሁ። እኔ ልገጥመው አልቻልኩም፤ ልትጥለውም ትችላለህ። አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ። እሁድ ስትደውል ከማንም በፊት አባባን ጠይቅ። እማዬን አሳምኛታለሁ፤ ስልኩን እሳቸው እንዲያነሱ ትተውላቸዋለች። እኔ ሥላሴ አስቀድሼ እዚያው እቆያለሁ። ምን እንደተባባላችሁ አልጠይቅም።

እማዬ ጉንጭህን ትስማለች፤ ሽሮና በርበሬ በአብዱልሰላም ልካልሃለች፣ አብረውህ ለሚኖሩት ጓደኞችህም እንድታካፍል ብላለች። ከዲጃ ሰላም ብላሃለች፤ የሆነውን ስነግራት ለመጀመሪያ ጊዜ አልሳቀችም። አቶ ገብረዮሐንስ ባያውቁህም "ጥርሱን በየቀኑ ይፋቅ" ብለዋል። አባባን ምን ብዬ ልጻፍልዎ አልኳቸው። "የኔን ተዪው፤ እሁድ በአፌ እነግረዋለሁ" አሉ።

እህትህ ኤዶም

ፒያሳ፣ አዲስ አበባ
ግንቦት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.