ከውጭ የተቀረቀረው በር

ጁባ፣ ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሶሊ፤ ከአንቺ እጅ ሌላ እጅ አይንካው።

እንደምን አለሽልኝ የኔ ዓለም? ጽሕፈቱ የእኔ ስላልሆነ አትደንግጪ። የምናገረው እኔ ነኝ፤ የምትጽፍልኝ ናዕማ ናት፣ የነጋዴው የሙሔ ሚስት። ሙኑኪ ሰፈር ቤታችን ውስጥ አይደለሁም፤ ማላኪያ ሰፈር እነሱ ዘንድ ተጠግቻለሁ። ቀኝ እጄ ታስሯል፣ እንዴት እንደሆነ እነግርሻለሁ። ሙሔ ዱቄትና ዘይት ሊያመጣ ወደ ካምፓላ ስለሚወርድ ይህን በእጅሽ እንዲሰጥሽ አደራ ብዬዋለሁ። በስልክ ያልነገርኩሽ ስልክሽን ከአንቺ ቀድሞ ዮፍታሄ ስለሚያነሳው ነው። ስደውል ወይ ተኝታለች ይለኛል፣ ወይ ገላዋን እየታጠበች ነው ይለኛል። ስለዚህ ብቻሽን ካልሆንሽ አሁኑኑ አጥፈሽ ጉያሽ ውስጥ ክተቺውና በኋላ አንብቢው።

ወጥ ቤቱን ይዛልን የኖረችው እትዬ አልጣሽ በልብ ድካም ሞተች ብሎ ዮፍታሄ እንደነገረሽ ከአነጋገርሽ ገብቶኛል። ልቧ ምንም አልነበረበትም። ሶሌታው፣ ያ የኮንክሪት ጣሪያ ነው የወደቀባት።

ቀለበት ያሰረልሽ ሰው ነውና ቤታችንን አምኜ ሰጠሁት። አባትሽ ነፍሱን ይማረውና ከኢትዮጵያ ስደት ተመልሶ በገዛ እጁ ያቆመውን ቤት። «ማዘር፣ ይህን ምግብ ቤት አዳራሽ አደርግልዎታለሁ፤ ከላይ ደግሞ የሚከራይ ክፍል እጨምርልዎታለሁ» አለኝ። አንቺ ለሥራ ካምፓላ ከሄድሽ በኋላ የመሐሉን ግድግዳ መነካካት ጀመረ። ሶሌታውን የተሸከመው እሱ ግድግዳ ነው። «እንዳይወድቅ» ስለው «ኢንጂነሩ ማን ነው፣ እኔ ወይስ እርስዎ?» ብሎ ይስቃል።

ከግንባታ ፈቃድ ቢሮ አንድ ተቆጣጣሪ መጣ። ዋኒ ይባላል፤ ረጅም፣ ሲናገር ድምፁ የማይሰማ ሰው ነው። «ኢታ ሲድ ቤት?» አለኝ። አዎ፣ የቤቱ ባለቤት እኔ ነኝ አልኩት። ከዚያ ወደ ዮፍታሄ ዞሮ ሩክሳህን አሳየኝ አለው። ዮፍታሄም ፈቃዱን አወጣ። ዋኒ አየት አድርጎ መለሰለትና ለእኔ በእርጋታ «ማማ፣ ይህ ፈቃድ አምና ተሰርዟል። ቡሉክ ሰፈር ያሠራው አጥር ሁለት ሰዎች ላይ ወድቆ ነው የተሰረዘው» አለኝ። በራችን ላይ በቀይ ቀለም ኤክስ ቀባበትና ሥራው እንዲቆም አዝዞ ሄደ።

«የሻይ ገንዘብ ፈልጎ ነው ማዘር» አለ ዮፍታሄ።

«የቡሉኩ እውነት ነው?»

«ሰው ጠላት አያጣም።»

«ጠላት ይኑርህ አይኑርህ አላውቅም። ፈቃድህን እስክታሳድስ ድረስ ግድግዳዬን አትንካ» አልኩት።

«እሺ» ብሎ እጄን ሳመኝ።

የዳግማ ትንሣኤ ዕለት እኔ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። አልጣሽ ለእንግዶች የሚሆን ወጥ ልትሠራ ቀረች። ዮፍታሄ እኔ አለመኖሬን አይቶ ሠራተኞቹን ይዞ ገባ። ከዚያ ወዲያ የሆነውን ከሠልስቷ በኋላ የነገረኝ ኪዱ ነው፣ ያ ሲሚንቶ የሚያቦካለት ልጅ። አልጣሽ ጭልፋዋን እንደያዘች ግድግዳው ፊት ቆመች አለኝ። «የቤቱ ባለቤት ሳትመጣ አንድ ብሎኬት አትነሳም» አለችው። ዮፍታሄ በጥፊ መታት። እሷም በጭልፋው መለሰችለት። ፀጉሯን ይዞ እየጎተተ ወጥ ቤት ከተታትና በሩን ከውጭ ቀረቀረባት። ከዚያ ለሠራተኞቹ «በሉ ምቱት» አላቸው። ሶሌታው ሲሰነጠቅ ሁሉም ሮጠው ወጡ፤ በሩን የከፈተላት የለም።

ከቅዳሴ ስመለስ ሰፈሩ በሙሉ አቧራ ለብሶ ጠበቀኝ። የአዳራሹ ሶሌታ እንዳለ ወርዶ የወጥ ቤቱን ጣሪያ ይዞት ወርዷል። የወጥ ቤቱ በር ግን ከነመቃኑ ቆሟል። በፍርስራሹ ላይ እየዳኽኩ ደረስኩ። መቀርቀሪያው በውጭ በኩል ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል፣ ልጄ። በእነዚህ ጣቶቼ ነው የከፈትኩት። ሌላ ያየ ሰው የለም፤ ጎረቤቶች ደርሰው ፍርስራሽ ከውስጥ የደገፈውን በር ገፍተው የገቡት ከእኔ በኋላ ነው። ከፍርስራሹ ሥር ስናወጣት ትተነፍስ ነበር። ፊቷ አይታወቅም። የፈላው ወጥ ደረቷ ላይ ተደፍቶ ቆዳዋ ከቀሚሷ ጋር ተጣብቋል። አንድ ጊዜ «በሩን» አለችኝ። ከዚያ በላይ አልተናገረችም። እግሯ ላይ ዮፍታሄ ለፋሲካ የገዛላት ጫማ ነበር።

እዚሁ ቀበርናት። በሠልስቷ ሰው ግቢያችን ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ዮፍታሄ ሁለት ወንዶች ይዞ ገባ። ለልቅሶ መስሎኝ ተነሣሁለት። እሱ ግን ቀና ብሎም ሳያየን ሰዎቹን የሲሚንቶ ማቡኪያ ሚክሰሩን እንዲያወጡ ላካቸውና እሱ ራሱ ቀጥ ብሎ ወደ ወጥ ቤቱ በር ሄደ። መዶሻ ይዟል። መቀርቀሪያውን ሊነቅል እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

በዚያው ቅጽበት ዋኒ ከአንድ ፖሊስ ጋር ቤቱን ሊያሽግ ደረሰ። «ከላስ፣ በቃ፣ ምንም ነገር ከዚህ አይወጣም» አለ፣ በዚያችው ዝቅ ባለች ድምፁ። ዮፍታሄ መዶሻውን ጥሎ ከመሬት አንድ ክንድ የሚያህል የፌሮ ብረት አነሳ። ሰውየው እጁን እንኳ ሳያነሳ ፊቱ ላይ አሳረፈበት። የአጥንት ድምፅ ሰማሁ። ዋኒ ሁለት እጁን ዓይኑ ላይ አድርጎ በጉልበቱ ወደቀ፤ በጣቶቹ መሐል የሚወርደው ደም ብቻ አልነበረም። ዮፍታሄ ወድቆም መታው። ትከሻውን፣ ጀርባውን፣ እንደገና ጭንቅላቱን።

እኔ ምን እንዳደረገኝ አላውቅም፤ ሄጄ ሸሚዙን ያዝኩት። «ልጄ፣ በቃ» አልኩት። ልጄ ነው ያልኩት። ዞር ብሎ በደንብ አየኝና በፌሮው ቀኝ እጄን መታኝ። ስወድቅ በግራ እጄ እግሩን ጠመጠምኩት፤ ሆዴን ረግጦኝ አመለጠ። ፖሊሱ ወደ ሰማይ ሲተኩስ ድንኳኑ ተገለበጠ፣ ሴቶቹ እርስ በርስ ተረጋገጡ። ዮፍታሄ አጥር ዘሎ ቦዳቦዳ ሞተር ላይ ወጥቶ ሄደ። የሰፈሩ ሰው ዮፍታሄ ያመጣቸውን ሁለቱን ወንዶች ያዘ። ለእነሱም ማንም አላዘነላቸውም፤ አንዱ ጥርሱን እየተፋ በእናቴ በእናቴ ሲል ነበር። ፖሊሱ ባይከልላቸው ኖሮ ጎማ አምጥተው ሊያቃጥሏቸው ነበር። የአባትሽ ወንድም በዚያው ቀን መቀርቀሪያውን ከነበሩ ነቅሎ ቤቱ ወሰደው። በሩ አለ። ተዘግቶ ነበር ብሎ የሚናገር ሰው ግን ያስፈልጋል። ሌሎቹ ሠራተኞች በዚያው ዕለት እንደሸሹ ቀርተዋል፤ ኪዱም ነግሮኝ ሲያበቃ በማግስቱ ጠፋ፤ አልፈርድበትም።

ሳምንት ሳይሞላ ዮፍታሄ ከካምፓላ ደወለልኝ። ያን ሁሉ ጊዜ አንቱ ሲለኝ ኖሮ ያን ቀን «አንቺ ሴትዮ» አለኝ። «መቀርቀሪያ የሚባል ነገር አላየሽም። ፖሊስ ቢጠይቅሽ በሩ ክፍት ነበር ትያለሽ። ሶሊ እኔ ጋ ናት፤ ገባሽ?» ከዚያ ስልኩን ለአንቺ ሰጠሽ። አንቺም «እማዬ፣ ደህና ነኝ፣ አታስቢ» አልሽኝ። ከጀርባሽ ሲስቅ ሰማሁት።

ዋኒን ሆስፒታል ሄጄ ጠየቅሁት። አንድ ዓይኑ ጠፍቷል። ሚስቱ አጠገቡ ተቀምጣ ሰላምታዬን አልመለሰችልኝም፤ ብትመልስልኝ ነበር የሚገርመኝ። እሱ ግን አወቀኝ። «ማማ፣ መቼ ነው ቃልሽን የምትሰጪው?» አለኝ።

«ልጄ እጁ ላይ ናት» አልኩት።

«እኔ ፈቃድ የለውም፣ መታኝ ነው ማለት የምችለው» አለኝ። «ያ ደግሞ ጥቂት ጊዜ አሳስሮ ይለቀዋል። በሩን ያየሽው አንቺ ነሽ። ልጅሽን አውጪና ነይ።»

ስለዚህ ሶሊዬ፣ አሁን የምልሽን ስሚኝ። ሙሔ ደብዳቤውን የሚሰጥሽ ካባላጋላ ሰፈር በምትሠሪበት ፀጉር ቤት ነው፤ ዮፍታሄ ቀን ቀን እዚያ እንደማይመጣ አጣርቷል። አንብበሽ ስትጨርሺ ውጪ መኪናው ውስጥ ታገኚዋለሽ። ወደ ቤት አትመለሺ። ልብስሽም ሻንጣሽም ይቅሩ። ፓስፖርትሽን ይዞብሽ ከሆነም ግድ የለም፤ የአባትሽ ወንድም ኒሙሌ ድንበር ላይ ሰው ይዞ ይጠብቅሻል። መንገድ ላይ ስልክሽን አጥፊው። ሙሔ ድንበሩን ስትሻገሪ ይደውልልኛል። ያኔ ነጠላዬን አጣፍቼ ፖሊስ ጣቢያ እሄዳለሁ፤ ያየሁትንም እናገራለሁ። ከዚያ በፊት አፌን አልከፍትም፤ እስከዚያ ድረስ አልጣሽ ብታዝንብኝም ትዘንብኝ።

ትወጂው ይሆናል። አልቆጣሽም። እኔም ወድጄው ነበር፤ ማዕዴ ላይ እየበላ ሲያስቀኝ ወንድ ልጅ አገኘሁ ብዬ ለሰው ሁሉ አውርቻለሁ። የሰው ገጽ እንዲህ ነው። አሁን ግን የማውቀውን አውቃለሁ፤ አንቺም ይመስለኛል።

ባለፈው በቪዲዮ ስንገናኝ ፊትሽን በሻሽ ሸፍነሽ «ደረጃ ላይ ወድቄ ነው» አልሽኝና ቶሎ ዘጋሽው። የኔ ልጅ፣ የተከራየሽበት ቤት መጥቼ አድሬበታለሁ። ደረጃ የለውም።

ምንም አልጠይቅሽም። ስትመጪም አልጠይቅሽም። ብቻ ተነሺና ወደ መኪናው ሂጂ።

ከፊትሽ ያለውን መንገድ የሚጠርግ፣ ከኋላሽ የሚመጣውን እግር የሚያስር አምላክ አብሮሽ ይሁን። የአባትሽ አጥንት ይከተልሽ።

እጇን ዘርግታ የምትጠብቅሽ እናትሽ፣
ማናህሎሽ