ሳሙና የማይነካት በራድ

ተስፍሽዬ፣

በረዶው መቅለጥ ሲጀምር ነበር ጥለኸን የሄድከው፤ ይኸው እንደገና ሊቀልጥ ነው። ሙት ዓመትህ ደረሰ። እኔ ግን አሁንም ከሥራ ስገባ በሩን ቀስ ብዬ ነው የምከፍተው፣ የተኛህ እየመሰለኝ።

ሰፈራችን ኮሎምቢያ ሃይትስ ያው ናት፤ ቤቱም ያው ነው። መኪናህን ወንድሜ ይነዳታል። ወንበርህን ወደ ፊት ስላስጠጋው ተናድጄበት ነበር፤ ምን ያድርግ፣ እግሩ አጭር ነው። ልጅህ ሊያ በቁመት ልትበልጠኝ ምንም አልቀራት። በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ መመለሷንም አልተወችም። ስላንተ ካነሳሁባት ግን በየትኛውም አትመልስልኝም።

ዛሬ የምጽፍልህ ስለ ሻይ ዕቃህ ነው። ሆፕኪንስ ከተማ ቤታቸው እየሄድክ የምትንከባከባቸው ቻይናዊ ሽማግሌ፣ አባባ ቼን እያልክ የምትጠራቸው፣ ልጃቸው ጋ ሊኖሩ ሲሄዱ የሰጡህን። ይዘኸው የገባህ ቀን የልጅ መጫወቻ መስሎኝ ነበር። በስንጥቆቹ ውሃ የሚያሳልፍ የቀርከሃ ትሪ፣ ከመዳፌ የማትበልጥ የሸክላ በራድ፣ አንድ ጉንጭ የማይሞሉ ስኒዎች፣ የጋለ ስኒ ማንሻ የእንጨት መቆንጠጫ። ደግሞ ያቺ የብርጭቆ ማንቆርቆሪያ፤ ለአንዱ ወፍራም ለሌላው ቀጭን እንዳይደርሰው ሻዩ መጀመሪያ እሷ ውስጥ ይገለበጣል። ከሁሉም እሷን ብቻ ወድጄልህ ነበር።

ጉርጧንማ እንዴት እረሳለሁ! የመጀመሪያውን ውሃ ቅጠሉን ታጥብበትና ትሪው ላይ ለተቀመጠችው የሸክላ ጉርጥ ታፈስላታለህ። ቀረፋና ቅርንፉድ ያለበትን የኔን ሻይ ትቶ ለጉርጥ የሚቀዳ ባል አገባሁ እያልኩ ስንቱን አሳቅኩብህ። ሊያ ግን አጠገብህ ቆማ አብራህ ታጠጣት ነበር።

አንድ ቀን ስፖንጅ ይዤ ወደ በራዷ ስጠጋ እንዴት እንደጮህክብኝ ታስታውሳለህ? ሳሙና አይነካትም፣ ሸክላዋ ሻዩን ጠጥታ ታስቀምጣለች፣ ከከረመች በኋላ ባዶ ሙቅ ውሃ ቢጨመርባት እንኳ ሻይ ሻይ ትላለች አልከኝ። እኔም ሣር ሣር ትላለች በል እንጂ ብዬ አሾፍኩብህ።

ከሄድክ በኋላ ግን የሙጥኝ ያልኩት እሷን ነው። ከልብሶችህ ላይ ሽታህ ጠፋ። በራዷ ውስጥ ግን ያንተ ሻይ አለ ብዬ ትሪውን እንዳለ፣ ላየው አንጀቴ ስላልቻለ ዓይኔን መልሼ፣ በነጠላ ሸፈንኩትና ቁም ሳጥኑ ላይ ሰቀልኩት። በጣም የከፋኝ ዕለት ሙቅ ውሃ እጨምርባታለሁ አልኩ። ስንት የከፋ ቀን መጣ፤ እንዳያልቅብኝ እየሳሳሁ ሁሉንም አሳለፍኩት።

ቅዳሜ ለሙት ዓመትህ ቤቱን ሳሰናዳ አወረድኩት። በራዷ አዲስ መስላለች። ውስጧ ተፈግፍጎ ሌጣ ሸክላ ሆኗል። ወዲያው ገባኝ። ለቅሶው ላይ ወጥ ቤቱን የያዙት ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ነበሩ። እኔ ሳሎን ፍራሽ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ እሳቸው ከሥራቸው ቀርተው የቤቱን ዕቃ አንድ ሳያስቀሩ አጠቡልኝ። የጠቆረች በራድ ሲያዩ ደግሞ አዝነውልኝ፣ በሽቦና በሳሙና አጸዱልኝ። ምን እላቸዋለሁ? እንዲህ ያለን ሰው እንዴት እቀየማለሁ?

ቢሆንም ሙቅ ውሃ ጨመርኩባት። የሎሚ ሳሙና ሸተተኝ። ተስፍሽ፣ የሞትክብኝ ያኔ ነው። ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ተቀምጬ ለቅሶ ላይ ያላለቀስኩትን አለቀስኩ።

ሊያ ሮጣ መጣች። ነገርኳት። ክፍሏ ገባችና በካልሲ የተጠቀለለ ነገር ይዛ ተመለሰች፤ ጉርጧ ናት። ለካ ቤቱ በለቀስተኛ ሲሞላ ከትሪው ላይ አንስታ መሳቢያዋ ውስጥ ደብቃት ኖሯል። ማንም አላጠባትም። ትሪው ላይ አስቀመጠቻትና «ማሚ፣ ሺ ኢዝ ሶ ተርስቲ» አለችኝ። በጣም ጠምቷታል ማለቷ ነው።

ሌላ ንጹህ ሙቅ ውሃ አፈሰስኩባት። ጀርባዋ ጠቆረ። ሁለታችንም ጎንበስ አልን። ያ የሣር ውሃ እያልኩ ያላገጥኩበት ሽታህ ፊታችን ላይ መጣ፣ ጥቂት ቆየ፣ ሄደ። ሊያ ድገሚው አለችኝ። እንዳያልቅ ፈርቼ እምቢ አልኳት። ከዚያ ልጅቷን አየኋት። ዓመት ሙሉ እኔ በነጠላ ሸፍኜ፣ እሷ በካልሲ ጠቅልላ፣ አንድ ቤት ውስጥ ተደባብቀን ስንሳሳልህ ከርመናል። ደገምኩት።

የሙት ዓመትህ ዕለት ሰው ሲሸኝ ከሻይ ቆርቆሮህ ውስጥ የቀረውን ቅጠል እናፈላለን። በራዷ ከኛ ጋር እንደ አዲስ ትለምዳለች። እትዬ ዘነበችንም አስቀምጬ በብርጭቆ ማንቆርቆሪያህ እኩል እቀዳላቸዋለሁ፤ ለማጠብ ሲነሱ ሊያ ወጥ ቤቱ በር ላይ ትቆማለች። ቅጠልህ ሲያልቅ ሌላ እንገዛለን። ሽታህ ከኛ ሻይ ጋር ይቀላቀል፣ ግድ የለም። የመጀመሪያው ውሃ ግን ሁልጊዜ የጉርጧ ነው። እኔ ባልኖር እንኳ ልጅህ ታውቅበታለች።

አትጠማም፣ ተስፍሽዬ።

አልማዝህ